የእንሰቱ አጥር

ጎሳዬ ቁልቁለቱን ሮጦ ወረደ ከማለት ተንከባሎ ወረደ ማለት ይሻላል። ጦሩን በቀኝ፣ ጋሻውን በግራ እንደያዘ፣ ድንጋዩን እየናደ፣ ቅጠሉ ፊቱን እየገረፈው ይንደረደራል። ከኋላው የአሞሌ ነጋዴው አብዱልሃዲ በቅሎውን በልጓሟ እየጎተተ ይጮኻል።

«ጎሳዬ! ኧረ ቀስ በል፣ አንገትህን ልትሰብር ነው!»

«ቀስ በል ትለኛለህ? መጡ ብለህ የነገርከኝ አንተ አይደለህም እንዴ!»

«ነገርኩህ እንጂ! ወላሂ በዓይኔ ነው ያየኋቸው። ጊቤን ተሻግረዋል። ያገሬው ሰዎች አይደሉም፣ ጨዋ ናቸው አልኩህ፤ ተንከባለል አላልኩህም!»

ዛሬ ጨዋ ስንል ሰላምታ የሚያውቅ፣ በሰው ላይ ዓይኑን የማያፈጥ ሰው ማለታችን ነው። በዚያ ዘመን ግን ጨዋ ማለት ንጉሡ ከሰሜን አምጥቶ በየጠረፉ የሚያሰፍረው ወታደር ነበር፤ ከብትህን የሚበላ፣ ማርህን የሚጠጣ፣ ሲያሻው ልጅህን እየነዳ የሚወስድ። ስሙን ማን እንዳወጣላቸው እንጃ!

ጎሳዬ በመጀመሪያ የነጋዴውን ወሬ አላመነም ነበር። ጉብታው ላይ ወጥቶ በዓይኑ ሲያይ ነው ልቡ ቀጥ ያለው። ያንን ጋሻ ያውቀዋል፤ ራሱ ተሸክሞት ኖሯል። ገና ጢሙን ሳያበቅል ከእነዚሁ ጋር ወደዚህ አገር ወርዶ፣ ትኩሳት ሲጥለው መንገድ ዳር ትተውት ሄዱ። ያነሱት የኮልቦ ሰዎች ናቸው። አጋሬ የምትባል የመንደሩ ልጅ ቡላ እያማሰለች በቀንድ ማንኪያ እያጎረሰች አዳነችው፤ ከዳነ በኋላም አገባችው። አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ፤ መቅደላዊት ብሎ ስም አወጣላት፤ ከሰሜን ይዞት የመጣው ነገር ቢኖር ይኸው ስም ብቻ ነው።

ኮልቦን ዛሬ ከሰርቦ ወደ አሰንዳቦ በሚኒባስ የሚያልፍ መንገደኛ ቢፈልጋት አያገኛትም። ቦዩዋ ተደፍኖ ቡና በቅሎበታል። ያኔ ግን መንደር ነበረች። ትንሽ ብትሆንም ሰው ቢቆምበት ራሱ የማይታይበት ጥልቅ ቦይ ዙሪያዋን የተቆፈረላት፣ መግቢያዋ አንድ የተጠረበ ግንድ ብቻ የሆነ መንደር። ጠላት መጣ ሲባል ግንዱ ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ወንዶቹ ቦዩ ላይ ይቆማሉ። ባለፈው ክረምት የጨዋው አለቃ «ለጌታችን ግብር የሚሆኑ ወንድና ሴት ልጆች አዘጋጁ» ብሎ መልእክተኛ ሲልክ፣ ኮልቦዎች መልእክተኛውን ከነጋሻው ቦዩ ውስጥ ገለበጡት። ሲስቁ ሰነበቱ። እንግዲህ የዚያ ሳቅ ዋጋ ነው ዛሬ የመጣው።

ሴቶቹና ልጆቹስ? ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ሴቶቹና ልጆቹ እንሰቱ ውስጥ ይገባሉ።

በዚያ አገር ሴቶች እንሰት ሲፍቁ ወንድ አጥሩን አያልፍም። አለፈ ማለት በጉድጓድ የተቀበረው ቆጮ ይበላሻል፣ መንደሩ ይራባል ብለው ያምናሉ። ግንድ ከብዷቸው የወንድ ጉልበት ሲያስፈልግ ከሴቶቹ ትልቋ በስሙ ትጠራዋለች። ሳይጠራ የገባ ግን ምድጃው ላይ ውሃ ይፈስበታል፣ ከቦዩ ማዶ ይወጣል፣ አይመለስም። ልጆቹም ከእናታቸው ወገን ይቀራሉ። አንድ ሰካራም ቢላዋ ላምጣ ብሎ ዘው ብሎ ገብቶ እንዲሁ ሆኗል፤ የት እንደደረሰ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ደግሞ ይህን ሕግ ጠላትም ያከብረዋል። በየዓመቱ ከብት ሊዘርፉ የሚመጡት የወንዝ ማዶ ሰዎች እነሱም እንሰት በልተው ያደጉ ናቸው። ቤት ያቃጥላሉ፣ ሰው ይወጋሉ፤ እንሰቱ አጥር ጋ ሲደርሱና የመፋቂያው ድምፅ ሲሰማቸው ግን ዓይናቸውን ሰብረው ይመለሳሉ። ስለዚህ የአደጋ መለከት በተነፋ ቁጥር የኮልቦ ሴቶች ልጆቻቸውን ሰብስበው ይገቡና መፋቅ ይጀምራሉ። እናቶቻቸውም አያቶቻቸውም የተረፉት እንዲህ ነው።

ጎሳዬ ነጋዴውን ከነበቅሎው ቁልቁለቱ ላይ ጥሎ፣ ግንዱን ተሻግሮ መንደሩ ሲገባ ድምፁ ጆሮው ውስጥ ገባ። ሸርር፣ ሸርር፣ ሸርር።

«ወይ ጉዴ! ገብተዋል» አለ።

የመንደሩ ሽማግሌ አባ ጋኖ የነብር ቆዳቸውን ደርበው ግንዱን በገመድ ያስስባሉ። ጎሳዬ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«አባቴ፣ ሴቶቹን ያስወጧቸው! አሁኑኑ ወደ ጫካው ይውጡ!»

«ምን ነካህ ልጄ? እንሰቱ ውስጥ ናቸው እኮ።»

«እሱን ነው የምልዎ! የመጡት ጨዋ ናቸው። ለእነሱ እንሰት ቅጠል ነው፤ ቅጠል!»

«እናት የላቸውም እንዴ?»

«እናታቸው ጤፍ ነው የምትፈጨው፣ አባቴ! ወንድ ገባ አልገባ ጉዳይዋ አይደለም። ከእነሱ ጋር ሳለሁ በስንቱ መንደር አጥር ጥሰን ገብተናል። ሴቶቹ ይጮኹብናል፣ እኛ እንስቃለን። እንስቃለን ነው የምልዎ!»

አባ ጋኖ ፊታቸው ጠቆረ። ያልሰሙ ለመምሰል ወደ ገመዱ ዞሩ። «እነሱን ማስወጣት የእኔ ሥልጣን አይደለም። እመት ኮሬን ጠይቅ» አሉ።

ጎሳዬ ወደ እንሰቱ አጥር ሄደ። አጥሩ የወይራ እንጨትና የተጎነጎነ ቃጫ ነው፤ እስከ ደረት ቢደርስ ነው፤ ልጅ እንኳ ሊዘለው ይችላል። ወዲያ ማዶ ሰፋፊው ቅጠል ተደራርቦ ከጥላው በቀር የሚታይ ነገር የለም።

«እመት ኮሬ! እኔ ነኝ፣ ጎሳዬ!»

እመት ኮሬ መጡ። ከሴቶቹ ሁሉ ትልቋ እሳቸው ናቸው። በሥራ ላይ ያለች ሴት ወንድን ፊት ለፊት አታናግርምና ጀርባቸውን ሰጥተውት ቆሙ። እሱም ጀርባውን ሰጠ። እንዲህ ጀርባ ለጀርባ ሆነው ነው ስለ ሞትና ሕይወት የተነጋገሩት።

«የምትለውን ከዚህ ሆኜ ሰምቻለሁ» አሉ። «ጫካ ትላለህ። ታላቅ እህቴ ወደ ጫካ ነው የሮጠችው፤ ከጫካ ነው ለቅመው የወሰዷት። እኔ እዚህ እናቴ ጉያ ውስጥ ተቀመጥኩ። ይኸው ሸበትኩ።»

«ያኔ የመጡት ሌሎች ናቸው፣ እናቴ።»

«ጦር ይዞ የመጣ ሁሉ አንድ ነው፣ ልጄ።»

«እሺ፣ የእኔን ይስጡኝ! አጋሬንና ልጄን ብቻ ይስጡኝ!»

የአንዱ መፋቂያ ድምፅ ቆመ። አጋሬ መጣች፤ እሷም ዞራ ቆመች። የእጇን ሽታ፣ የቆጮውን ኮምጠጥ ያለ ሽታ አወቀው።

«አልወጣም» አለች። «እኔ ልጄን ይዤ ብወጣ ሌላዋም ትወጣለች። ተበትነን አንድ በአንድ ልንለቀም ነው? አንተ ቦዩን ያዝልኝ። ቦዩን ከያዝክ ማን ይገባል?»

«አጋሬ፣ በሞቴ!»

«በሞቴ አትበለኝ። ሂድ በል!»

ከኋላዋ የመቅደላዊት ድምፅ መጣ። «አባዬ! እኔም እየፋቅኩ ነው! መፋቂያ ሰጡኝ!»

ጎሳዬ «ጎበዝ የእኔ ልጅ» ብሎ ወደ ቦዩ ሄደ።

ጨዋዎቹ ሲመጡ አልተጣደፉም። የወንዝ ማዶ ሰዎች እየፎከሩ ነው የሚመጡት፤ እነዚህ ግን ሥራ እንደሚገባ ሰው ዝም ብለው መጡ። ከፊት ያሉት ትልልቁን ጋሻ አጋጥመው ቆሙ፣ ከኋላ ያሉት ከውጭ ያለውን ጎጆ ሁሉ የሣር ክዳኑን እየገፈፉ እስር እስር አድርገው ቦዩ ውስጥ ይወረውሩ ጀመር። ኮልቦዎች ጦር አወረዱባቸው። አንዱ ዓይኑን ተወግቶ እየጮኸ ቦዩ ውስጥ ገባ፤ የራሱ ጓደኞች ሣሩን በላዩ ላይ ጣሉበት። ጩኸቱ ከሥር ለጥቂት ጊዜ ተሰማና ጠፋ።

አለቃቸውን ጎሳዬ ትእዛዝ ሲሰጥ በድምፁ ነው ያወቀው። አልዓዛር ነው። በአንድ ገበታ በልተዋል፣ በአንድ አጎዛ ተኝተዋል፤ ትኩሳት በጣለው ጊዜ «ሞቷል፣ እንሂድ» ያለውም እሱ ነው። አልዓዛርም አየው።

«ጎሳዬ? አልሞትክም እንዴ!» ብሎ ከልቡ ሳቀ። «ወንድሜ፣ ዞር በልልኝ። አንተን መግደል አልፈልግም።»

ጎሳዬ መልሱን በጦር ሰጠ። ጦሩ የአልዓዛርን ጋሻ ጠርዝ ፈልጦ አጠገቡ የነበረውን ሰው ጉሮሮ ውስጥ ተቀረቀረ።

ከዚያ በኋላ ጉድ ፈላ። ሣሩና ሬሳው ቦዩን ሞላው። አባ ጋኖ የመጀመሪያውን ተሻጋሪ በጎራዴ ትከሻውን ገመሱት፤ ሁለተኛው በሆዳቸው ጦር ሰደደባቸው። ጦሩን በሁለት እጃቸው ይዘው አንጀታቸው እየወጣ ገዳያቸውን ስበው ይዘውት ቦዩ ውስጥ ገቡ። የጎሳዬ ጎረቤት ዳንጌ፣ በሬ የሚያህል ሰው፣ በዱላው ራስ ይፈረክሳል። ያም ሆኖ የማይሆን ነገር ነበር። ቦዩ በግራ በኩል ተለቀቀ፤ ኮልቦዎች ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እያሉ ሲዋጉ ጀርባቸው ከአንድ ነገር ጋር ተጋጨ።

የእንሰቱ አጥር ነው። እዚያ ጋ ቆሙ።

ይህን ሳወራ ደሜ ይፈላል፤ ግን እንዲህ ነው የሆነው። ወንዶቹ ጀርባቸውን ለአጥሩ ሰጥተው ቆሙ፣ አንድ እርምጃ እንኳ ወደ ኋላ አላሉም። ጨዋዎቹ ግን በመካከላቸው ያለውን ክፍተት አይተው አጥሩን በእግራቸው ረግጠው አለፉ። እንደፈራው ነው፤ ሴቶቹ «ወንድ ገባ! ወንድ ገባ!» ብለው ጮኹ፣ ጨዋዎቹም ሳቁ። ከዚያ ጩኸቱ ሌላ ጩኸት ሆነ። ኮልቦዎቹ ወደ አጥሩ ዞሩ። ጦራቸው በእጃቸው ነው፣ ሚስቶቻቸው ሲታረዱ ይሰማቸዋል፤ እግራቸው ግን አልሄድ አለ። አንዱ አጥሩን በሁለት እጁ ይዞ ያለቅሳል። ዳንጌ ራሱን ከእንጨቱ ጋር እያጋጨ እንደ በሬ ይጮኻል። ፈሪ ናቸው የሚል ካለ ይፈር! አሁን ሞትን ሲጋፈጡ ያየናቸው እነሱ ናቸው። የሕፃንነታቸው ሕግ ነው ቀስፎ የያዛቸው።

ጎሳዬ ከዳንጌ ጎን ነበር፣ ትከሻ ለትከሻ። እሱንም አንድ ነገር ያዘው፤ ከዓመታት በኋላ የእሱም ሕግ ሆኗል። ቤቱን አሰበ፣ ምድጃው ላይ የሚፈሰውን ውሃ አሰበ። «አባዬ!» የሚል ድምፅ ሲሰማ ግን ሁሉም ከራሱ ላይ ጠፋ። አጥሩን ዘለለ።

ውስጡ ጨለም ያለ ነው። የተፋቀው እንሰት መሬት ላይ ተደፍቶ፣ ውሃውና ደሙ ተቀላቅሎ እግር ያንሸራትታል። መጀመሪያ ያገኘው እመት ኮሬን ነው። በግንባራቸው ተደፍተው፣ አፋቸው ጭቃው ውስጥ ገብቶ ወድቀዋል። ሞተዋል ብሎ ተሻገራቸው። ከዚያ ወዲያ አንድ ጨዋ አንዲት ሴት ላይ ተንበርክኮ አየ፤ ከሬሳ ላይ ባነሣው ጦር ከጀርባው እስከ ደረቱ ወጋው፤ ጦሩ አልወጣ ሲለው ትቶት የወገቡን ጎራዴ መዘዘ። ሴቶቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልሞቱም። በእንሰት መቁረጫ ቢላዋ አንዱን ፊቱን ከፍለውታል፤ አንዷ አሮጊት የሌላውን ጆሮ በጥርሷ ይዛ አልለቅም ብላ እዚያው በጎራዴ ተመትታ ሞታለች።

አጋሬን ከመፋቂያው እንጨት ሥር አገኛት። ተቀምጣ የምትሠራ ትመስል ነበር። አንገቷ ላይ ያለውን ቁስል ሲያይ «ወይኔ አጋሬ!» ብሎ ሊቀመጥ ሲል እንደገና የልጁ ድምፅ መጣ።

አልዓዛር መቅደላዊትን በፀጉሯ ይዞ እየጎተተ ነው። ልጅቷ ያችን መፋቂያ አልለቀቀችም፣ ክንዱን በእሷ ትፍቀዋለች። አልዓዛር ጎሳዬን አይቶ ልጅቷን ከፊቱ አደረጋት።

«የአንተ ናት?» አለ እያለከለከ። «ምነው እስካሁን ዝም አልክ! ውሰዳት፣ የአንተ ከሆነች ውሰዳት።»

ምናልባት እውነቱን ነበር። የድሮ ጓደኛ ነው፣ ይሰጠው ነበር ይሆናል። ጎሳዬ አልጠበቀም። አልዓዛር እጁን ሲያላላ ጎራዴውን በጎኑ ሰደደበት፤ ሲወድቅ ደረቱ ላይ ወጥቶ ጎራዴው አጥንት እስኪነካ ደጋገመበት፣ ከሞተም በኋላ አልተወውም። ልጁ «አባዬ በቃ፣ በቃ!» እያለች ልብሱን ስትጎትተው ነው ያቆመው።

በዚህ መሐል ነው ሞተዋል የተባሉት እመት ኮሬ ከጭቃው የተነሡት። ጭቃውን ከአፋቸው እየተፉ፣ በእንሰት ግንድ ተደግፈው፣ ያን የሸበተ ራሳቸውን ወደ አጥሩ አዙረው፣ ድምፃቸው እስኪሰነጠቅ ጮኹ።

«ግቡ! ሁላችሁም ግቡ! እኔ ብያለሁ፣ ግቡ!»

አጥሩ እንደ ሸምበቆ ተሰባበረ። ወንዶቹ ያን ሁሉ ጊዜ ያቆሙትን ነገር ይዘው ገቡ። የሆነውን ሁሉ መናገር አያስፈልግም። ጨዋዎቹ በዚያ ቅጠል ውስጥ ጋሻ መግጠም አልቻሉም፣ አለቃቸውም የለም። እግሬ አውጪኝ ብለው የሮጡት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው የወጡት፤ የቀሩት እዚያው ተጨፈጨፉ። እጅ ሰጠሁ ያለውንም የማረ አልነበረም።

ከቀትር በኋላ ሬሳው ከአጥሩ ውጭ ተደረደረ። የቆጮው ጉድጓድ ሁሉ ተከፈተ፤ ወንድ ገብቶበታልና፣ ደም ገብቶበታልና ወጥቶ ተጣለ። መጪውን ዓመት ምን እንደሚበሉ ያኔ የጠየቀ የለም። ጎሳዬ ልጁን አቅፎ ከአጋሬ ሬሳ አጠገብ ቁጭ እንዳለ ዳንጌ መጥቶ ፊቱ ቆመ። የሚስቱ ደም እስከ ክርኑ ደርሷል።

«ጎሳዬ ይውጣ» አለ።

አንዱ «ዳንጌ፣ ተው እንጂ፣ ዛሬ?» ሲል ዳንጌ ጮኸበት።

«ሳይጠራ ገባ! ሁላችሁም አይታችኋል። እኔ ለሕጉ ቆምኩ። ሚስቴ በአጥሩ ሥር እጇን ዘርግታልኛለች፣ ጣቷን አይቻለሁ፣ አልገባሁም! እሱ ካልወጣ እኔ ለምንድን ነው የቆምኩት? እስቲ ንገሩኝ፣ ለምን ቆምኩ?»

የእሱ ጥያቄ የሁሉም ጥያቄ ነበር። አንድ ሁለቱ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሌሎቹ መሬት መሬት አዩ። ሁለት ወንዶች የጎሳዬን ምድጃ ሊያጠፉ እንስራ ሊያመጡ ተነሡ። የአጋሬ እናት በእንባ ታውራ ልጅቷን ልትቀበል እጇን ዘረጋች። መቅደላዊት የአባቷን አንገት ጨምድዳ ያዘች።

«ማንም አይወጣም» አሉ እመት ኮሬ።

አጥሩ ጋ ተቀምጠው ነበር። ተነሡ።

«ጠርቼዋለሁ።»

«መቼ?» አለ ዳንጌ።

«መጀመሪያ። እናንተ ስለምትጮኹ አልሰማችሁም። በስሙ ጠራሁት፣ ገባ።»

ጎሳዬ ቀና አለ። ያኔ እመት ኮሬ አፋቸው ጭቃ ውስጥ እንደነበር የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። እሳቸውም እንደሚያውቅ ያውቃሉ፤ ግን አላዩትም።

የዳንጌ ፊት ላይ የነበረው ቁጣ ጠፋ፤ የመጣበት ነገር ከቁጣም የባሰ ነበር። ድምፁ ቀጠነ።

«እኔ ከጎኑ ነበርኩ እኮ፣ እናቴ። ትከሻችን ይነካካ ነበር። እሱን ሲጠሩ... እኔንስ ለምን አልጠሩኝም?»

እመት ኮሬ ያን አላሰቡትም ነበር። ተመትቼ ወድቄ ነበር ቢሉ ጎሳዬንም እንዳልጠሩት ይታወቃል፣ ጎሳዬ ይወጣል።

«ስምህ አልመጣልኝም» አሉ።

ከወንዶቹ መሐል የወጣውን ድምፅ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጁ የሞተችበት ሁሉ እኩል አቃሰተ። «የእኔስ ስም?» አለ አንዱ። «የእኔስ?» አለ ሌላው። ድንጋይ ተወርውሮ የእመት ኮሬን ግንባር ፈነከተ። እጃቸውን እንኳ አላነሡም። መጥራት ሲገባት ያልጠራች ትልቅ ሴት ምን ትሁን የሚል ሕግ በኮልቦ አልነበረም፤ ሕጉ ያን ዕለት ወጣ። ለጎሳዬ ምድጃ የመጣውን እንስራ ዳንጌ ራሱ ተሸክሞ ሄዶ የእመት ኮሬ ምድጃ ላይ ደፋው። ዕድሜ ልካቸውን ያልጠፋ እሳት ነው።

ከቦዩ ማዶ ሲያወጧቸው ምርኩዝ የሰጣቸው አልነበረም። ደሙ ዓይናቸው ውስጥ እየገባ በእጃቸው ዳብሰው ግንዱን ተሻገሩ። ጎሳዬ ሰዎቹን ገፍቶ እስከ ቦዩ አፋፍ ሄደ። አፉን ከፈተ። ሊናገር የነበረው «አልጠሩኝም» የምትል አንዲት ቃል ናት።

እመት ኮሬ ከማዶ ዞር አሉ።

«ጎሳዬ» አሉ፣ ጎረቤት ለጎረቤት እንደሚያወራ። «ልጅቷን ብርድ እንዳይመታት።»

መቅደላዊት ትንቀጠቀጥ ነበር። ጎሳዬ ኩታውን አውልቆ ሸፈናት። ሴትዮዋ እየተደናቀፉ ወደ ጫካው ሲገቡ እያየ፣ ልጁን ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዞ ዝም አለ።